አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ ውስጥ አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጀበና ቡና በሚፈላበት አንድ በረንዳ ላይ የምንሰበሰብ ስድስት ሰባት ሰዎች አለን። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንደኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኳስ ሲነሳ ግን የሁላችንም ሙያ አንድ ይሆናል። በቀደም ታክሲ ነጂው ሲኒዎቹን ከረከቦቱ ላይ አነሳና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የስኳር ዕቃውን በረኛ አደረገው፤ ከፊቱ አራት ሲኒ፣ መሃል ላይ ሦስት። «ይኸውላችሁ» አለ፣ «ሰውዬው የተበላው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን የመስመር ተከላካዮች ባንዴ ወደፊት ይልካቸዋል፤ ኳሱ ሲነጠቅ ከኋላ ማን አለ?» መምህሩ አንዷን ሲኒ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉና «ልጄ፣ ይቺ ከመጀመሪያውም እዚህ ነበር መቆም ያለባት» አሉ። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒዎቿን እስክንለቅላት ቆማ ትጠብቃለች።

በአሰላለፉ አልተስማማንም። በፍርዱ ግን አንድ ነበርን፦ አሰልጣኙ ይሰናበት።

ይህ ታክሲ ነጂ ጓደኛዬ አርሴናል ዴክላን ራይስን በ105 ሚሊዮን ፓውንድ እንደገዛ ያውቃል። ኤቨርተን በገንዘብ አወጣጥ ጥሰት 10 ነጥብ ተቀንሶበት በይግባኝ ወደ 6 ዝቅ እንደተደረገለት ያውቃል። ማንቸስተር ሲቲ ላይ የተመሠረተው ክስ 115 እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክስ መከላከያ እስከማቅረብ ድረስ ያውቃል። ስለዚህ ጠየቅሁት፦ «የክለብህ የዘንድሮ በጀት ስንት ነው?» ሲኒ በእጁ እንደያዘ አየኝ። «እሱማ የቦርድ ጉዳይ ነው» አለ።

ይህን የምጽፈው ያችን መልስ ለመቃወም ነው። የለንደን ክለብ ደብተር የኛ ጉዳይ ሆኖ፣ ማሊያውን የለበስነው ክለብ ደብተር «የቦርድ ጉዳይ» የሆነበት አገር ላይ አሰልጣኝ መቀያየር ፍትሕ አይደለም፤ የለመድነው የቁጣ መወጫ ነው።

መጀመሪያ የምቃወመውን ሐሳብ በሚገባው ክብር ላቅርበው። «ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው» የሚለው እምነት የኛ በረንዳ ብቻ አይደለም። ከለገሃር እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሬዲዮ የስፖርት ሰዓት እስከ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ይማልበታል። ምክንያትም አለው። አሰላለፍ የሚያወጣው አሰልጣኙ ነው፤ ቅያሪ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ሲሸነፍ መግለጫ የሚሰጠውም እሱ ነው። ያው ቡድን፣ ያው ተጫዋች፣ አሰልጣኝ ሲለወጥ ብቻ ነፍስ ሲዘራ አይተናል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 ዓ.ም. ከሰርቢያዊው ዝላትኮ ክርምፖቲች ጋር ተለያይቶ ቡድኑን ለምክትሉ ለዘሪሁን ሸንገታ ሲሰጥ ዋንጫው ተነሳ። በ2015 ዓ.ም. ተደገመ። ይህን በዓይኑ ያየ ፈረሰኛ፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ፣ «አሰልጣኝ ቀይር፣ ዋንጫ ውሰድ» ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኔ እፈርድበታለሁ፤ ታሪኩን ከመሃል ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት በነበረው በ2013 ዓ.ም. ብቻ ክለቡ ደቡብ አፍሪካዊውን ማሒር ዴቪድስንና ስኮትላንዳዊውን ፍራንክ ነታልን አፈራርቋል፤ ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር፣ ወደ ፋሲል ከነማ ሄደ። ሁለት ተከታታይ ዋንጫ ያመጣው ዘሪሁንም ቢሆን በቀጣዩ የውድድር ዓመት ተሰናበተ። መድኃኒቱ የእውነት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ባልተወሰደ ነበር።

ከክለብ ወጥተን ወደ ብሔራዊ ቡድን እንሂድ። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሰ፤ ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ባንዲራችንን አየን። ከጥቂት ወራት በኋላ ከብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የለየን የናይጄሪያ የ180 ደቂቃ ጨዋታ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ሰውነት ተባረረ። በቀጣዮቹ ዐሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድኅን ኃይሌ፣ ከዚያም መሳይ ተፈሪ መጡ። ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር ስምንት ሹመት ነው። ስምንቱም ሲመጡ በጭብጨባ፣ ከሄዱት አብዛኞቹ በእርግማን ተሸኙ። አንድም ጊዜ «ከአሰልጣኙ በቀር ያልተለወጠው ምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅንም።

ያልተለወጠውን ሊሎንግዌ ላይ አይተነዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የውበቱ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 ረታ፤ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ። ኳሱን ከኋላ እየመሠረተ፣ በአጭር ቅብብል እየወጣ ግብፅን መድረሻ ያሳጣ ቡድን ነበር። ታክቲክ ካነሳን ይህን ያህል የሠመረ ታክቲክ በዘመናችን ስንት ጊዜ አየን? ግን ጨዋታው የኛ ነበር፤ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ማላዊ ውስጥ ነው። በአገራችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ አንድ ስታዲየም ጠፍቶ፣ ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን በሰው አገር «ባለሜዳ» እየተባለ ለዓመታት ተንከራተተ። ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ ተቀበልነው። ጊኒን ሞሮኮ ላይ አስተናገድነው፤ ተሸነፍን። ከዚያ ወር ሳይሞላ ውበቱ ተሸኘ። የትኛው አሰላለፍ ነው የመልበሻ ክፍል የሚሠራው? የትኛው ቅያሪ ነው ወንበር የሚተክለው?

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። የኛ ደጋፊ አህያውን የፈራ እንኳ አይመስለኝም፤ አላየውም። ቦርዱ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ በጀት አጽዳቂው ከንቲባ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ስፖንሰሩ ፎቅ ላይ ነው። ከስታዲየሙ መቀመጫ፣ ከካታንጋም ሆነ ከሚስማር ተራ ጮኸህ ድምፅህ የሚደርሰው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ እጁን የሚያወናጭፈው። ስለዚህ እሱን ትመታለህ። አሰልጣኝ በአገራችን በዋናነት የሚባረረው ስላጠፋ አይደለም፤ ቅርብ ስለሆነ ነው።

«ታዲያ አህያው ማን ነው?» ላለኝ ሰው የሊጋችንን ክለቦች ስም እንዲያነብ እጋብዘዋለሁ። ፋሲል ከነማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ። ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ኤሌክትሪክ። መቻል፣ እሱም የመከላከያ ልጅ። የክለቡ ስም ራሱ ደመወዝ ከፋዩን ይነግርሃል። ሊጋችንን የሚያንቀሳቅሰው በብዛት የከተማ አስተዳደር በጀት፣ የመንግሥት ድርጅት ካዝናና የጦሩ ቤት ነው። ከዚህ ወጣ የሚሉት ሁለቱ የአዲስ አበባ ትልልቆች፣ ጊዮርጊስና ቡና፣ በደጋፊ ፍቅር ቢቆሙም የገንዘብ እስትንፋሳቸው ከባለሀብት ቸርነትና ከቢራ ስፖንሰር ጋር ተያይዞ ኖሯል። ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ጊዮርጊስን ለዘመናት ደግፈዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን በቸርነት የቆመ ቤት የቸሩን ደጅ እያየ ነው የሚኖረው።

በሌላ አነጋገር፣ ደጋፊው ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ከፋይ አይደለምና ተጠያቂ የሚያደርገው የለውም። ከተማው በጀት ሲጨምር ክለቡ ይበራል፤ ሲቀንስ ይወድቃል፤ በመሃል ያለው አሰልጣኝ ሲበር ሊቅ፣ ሲወድቅ አላዋቂ ይባላል።

ማስረጃ? ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም. ሰባት የተጠናቀቁ የውድድር ዓመታት አሉ፤ የ2012ቱ በኮቪድ ተሰርዟል። በሰባቱ ዓመት ስድስት የተለያዩ ክለቦች ሻምፒዮን ሆነዋል፦ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን። «ፉክክሩ ጠነከረ» የሚል አለ። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ነው ዋንጫውን የወሰደው፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የጎል ናዳ አወረደ፤ ጅማ በደስታ ሰከረች። በ2014 ዓ.ም. ያው ክለብ ከሊጉ ወረደ። አራት ዓመት! ንግድ ባንክም በበፀሎት ልዑልሰገድ እየተመራ ባደገበት በ2016 ዓ.ም. ነው ሻምፒዮን የሆነው። ከታች መጥቶ በአንድ ዓመት ጫፍ መድረስ የታክቲክ ተአምር ብቻ ከመሰለን ተሞኝተናል። ወደ ኋላ ደግሞ ደደቢትን አስቡት። ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ስሙን የወረሰው፣ ጌታነህ ከበደን ይዞ በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሳው ደደቢት በ2011 ዓ.ም. ወረደ። የሰማያዊዎቹን ማሊያ ዛሬ ካዛንቺስ ውስጥ ማን ለብሶ ታያላችሁ? ለደደቢት ውድቀት የትኛውን አሰልጣኝ እንውቀስ?

የእንግሊዝን ኳስ ለሚያመልከው ወዳጄ ከዚያው ምስክር ላምጣለት። ሳይመን ኩፐርና ስቴፋን ሺማንስኪ «ሶከርኖሚክስ» በሚለው መጽሐፋቸው የእንግሊዝ ክለቦችን የዓመታት ሒሳብ መርምረው፣ በረጅም ጊዜ አማካይ ሲታይ የክለቦቹን የደረጃ ልዩነት 90 በመቶ ገደማ የሚያብራራው የደመወዝ ወጪ መሆኑን አሳይተዋል። በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ ዓመት፣ አሰልጣኝና ዕድል ብዙ ይሠራሉ። በዐሥር ዓመት ግን ደብተሩ ይናገራል። አርቴታ አርሴናልን ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ ሲያደርገው ያልተባረረው ሰሜን ለንደን ከካዛንቺስ የበለጠ ትዕግሥተኛ ሰው ስለሚኖርበት አይደለም፤ ከጀርባው ለብዙ ዓመት የታሰበ ገንዘብና ዕቅድ ስለነበረ ነው። ትዕግሥት የጠባይ ብቻ ነገር አይደለም፤ የበጀትም ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ የሚያነሳው ስም አለ፤ በረንዳችን ላይም መምህሩ አንስተውታል። «ገብረመድኅን ኃይሌስ?» አሉኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። ገብረመድኅን በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መድንን ሻምፒዮን አድርጓል። ሦስት ቤት፣ ሦስት ዋንጫ፣ አንድ ሰው። ይህ የአሰልጣኝን ወሳኝነት ካላረጋገጠ ምን ሊያረጋግጥ ነው?

ያረጋግጣል። አሰልጣኝ ዋጋ የለውም አላልሁም፤ ገብረመድኅንን የመሰለ ሰው ካለው ነገር ላይ የተቻለውን ሁሉ ጨምቆ ያወጣል። ጥያቄዬ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጭማቂው የት ይጠራቀማል? ጅማ የሆነውን አየን። የመቐለው ለብቻው ይቀመጥ፤ የትግራይን ክለቦች ከሊጉ ያራቃቸው ጦርነት እንጂ ሒሳብ አልነበረም። ግን ብሔራዊ ቡድኑስ? ይህ ባለ ሦስት ዋንጫ አእምሮ ሁለት ጊዜ ብሔራዊ ቡድኑን ይዟል፤ ሁለቱም ጊዜ ሳይሰነብት ወጥቷል። ሰውዬው ያው ነው። የተለያየው ቤቱ ነው። እንግዲህ የገብረመድኅን ታሪክ ለኔ ነው የሚመሰክረው፦ ደህና ውኃ ቀጂ ብታገኝም እንስራህ ቀዳዳ ከሆነ ጥፋቱን ከቀጂው አትፈልግ።

ሁለተኛው ትልቅ ክርክራችን ስለ አጨዋወት ነው፤ እሱን የሚያህል የሚያጣላን የለም። ካሳዬ አራጌ በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ቡና ተመልሶ ኳስን ከበረኛ ጀምሮ መሥርቶ መጫወትን እንደ ሃይማኖት ሲያስተምር ቡናማዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ኳስ ማለት ይሄ ነው፤ የኛ ልጅ ተፈጥሮው አጭር ቅብብል ነው» አለ። ሌላኛው «በራሳችን ሳጥን ውስጥ ኳስ እየተነጠቅን ልባችን ሊቆም ነው፤ ውበት ዋንጫ አይሆንም» አለ። በ2013 ዓ.ም. ቡና ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር የመጀመሪያው ወገን አሸነፈ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ካሳዬ ሲሄድ ሁለተኛው አሸነፈ። አቡበከርም ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጠ።

ሁለቱም ወገኖች ያላነሱት ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። አጨዋወት በአንድ የዝግጅት ወር የሚገዛ ነገር አይደለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ተጀምሮ ሃያ ዓመት ላይ የሚታጨድ ሰብል ነው፤ ሜዳ ይፈልጋል፣ የታዳጊ አሰልጣኝ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ሰብሉ እስኪደርስ የማይነቀል በጀት ይፈልጋል። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል በሚፈረምበት፣ በየክረምቱ ግማሽ ቡድን በሚበተንበት ሊግ ውስጥ ስለ አጨዋወት ፍልስፍና መጣላት በተከራዩት ቤት ስለ መጋረጃ ቀለም እንደ መጣላት ነው። ምርጥ ልጅ ሲሸጥ ደግሞ «ማን ይተካዋል?» ብለን ሌሊቱን ሙሉ ተከራከርን እንጂ «የሽያጩ ገንዘብ ስንት ነው፣ ስንቱ ወደ ታዳጊ ቡድን ይገባል?» ብሎ የጠየቀ ጠረጴዛ እኔ አልገጠመኝም።

«ችግሩ የተጫዋች ደመወዝ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ መድኃኒት ተሞክሯል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ቢሾፍቱ ላይ ተቀምጠው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ጋዜጣ ጻፈ፣ ደጋፊ አጨበጨበ። ከዚያስ? የፊርማ ገንዘብ ወሬ፣ የጎን ክፍያ ወሬ፣ «ወረቀቱ ላይ 50፣ እጁ ላይ ሌላ» የሚል ሐሜት ሊጉን ሞላው። ሐሜቱ እውነት ይሁን ውሸት አንተም እኔም ልናጣራው አንችልም፤ ነገሩም ይኸው ነው። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በኋላ ጣሪያውን ከተጫዋቹ ወደ ክለቡ ጠቅላላ ወጪ አዙሮ የፋይናንስ መመሪያ ማምጣቱ ደህና እርምጃ ነው። ግን ደጋፊ ሊያነበው በማይችለው ደብተር ላይ የተጻፈ ጣሪያ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚፈተሸው። ኤቨርተን ነጥብ የተቀነሰበት አሰልጣኙ በደካማ አሰላለፍ ስለገባ ሳይሆን ሒሳቡ ተገልጦ ጥሰቱ ስለታየ ነው።

የቂርቆስ ልጅ እንደመሆኔ አንድ ነገር በተለይ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ስታዲየም የሰፈራችን ነው። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደ ሜዳ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያስቀረነው እዚያ ነው። ቅዳሜና እሑድ በር ላይ የምንከፍላት ቲኬት ትንሽ ነበረች፤ ግን ከክለቡ ጋር የምታስተሳስረን ክር እሷ ነበረች። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፤ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ያዘ። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለክለቦቹ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን የጊዮርጊስንና የቡናን ጨዋታ፣ የሸገር ደርቢን፣ ለማየት የቂርቆስ ልጅ ሀዋሳ ወይም ድሬዳዋ መሄድ ሲኖርበት፣ የራሱ ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ሲታጠር፣ ያቺ የመጨረሻ ክር ተበጠሰች። የቀረን ጩኸት ነው፤ እሱንም ወደ አሰልጣኙ አዞርነው።

«ክለባችን» እንላለን። ይህን ቃል ስሰማ ካዛንቺስ ትዝ ትለኛለች። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራበት ተቋም ስም፣ ከካዛ ኢንቺስ ነው። በቀበሌ ቤት አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩ ሰዎች «ቤቴ» ሲሉ እየሰማን አደግን። ግድግዳውን ለስነውታል፣ ልጅ ድረውበታል፣ ድንኳን ተክለው አልቅሰውበታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳና ብዙው ጎረቤት ገላን ጉራ ሲገባ፣ «ቤቴ» በሚለው ቃልና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ሁሉም አወቀ። ከበረንዳ ጓደኞቻችን አንዱ ዛሬም ከገላን ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለሰኞ ክርክር ይመጣል። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ወረቀት ግን የለውም። የኛም ደጋፊነት እንዲሁ ነው። ላም አለኝ በሰማይ።

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ፤ ጎረቤት አለን። ጀርመን ውስጥ የአባላት ማኅበሩ ከድምፁ ከግማሽ በላይ እንዲይዝ ደንብ ማስገደዱን ኳስ ወዳጅ ሁሉ ይጠቅሳል፤ ሩቅ ነው ካላችሁ ዳሬሰላም እንሂድ። ሲምባና ያንጋ የአባላት ክለቦች ናቸው። ሲምባ ባለሀብት ሲያስገባ እንኳ የአባላቱ ድርሻ 51 በመቶ ሆኖ እንዲቀር ተደርጓል። ጉባኤያቸው ይጯጯሃል፣ ይጣላል፣ ይካሰሳል፤ ግን ጠቡ ስለ ደብተሩ ነው። ያንጋ በ2015 ዓ.ም.፣ ሲምባ በ2017 ዓ.ም. ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ። በቅርቡ ዘመን የኛ ትልቁ የክለብ ስኬት በ2009 ዓ.ም. ጊዮርጊስ የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ታሪካዊ ነበር፣ አልተደገመም። ታንዛኒያዊ አሰልጣኞች ከኛ አሰልጣኞች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ ብሎ የሚከራከር ካለ ሲኒዎቹን ይደርድርልኝ።

ደግሞም ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የ1954ቱን ድል ስናነሳ ይድነቃቸው ተሰማን «ታላቁ አሰልጣኝ» እያልን እናወድሳለን። ይድነቃቸው በጊዮርጊስ ማሊያ ተጫውቷል፣ አሰልጥኗልም። ግን ትልቁን ሥራ የሠራው ሜዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ፌዴሬሽን አደራጅቶ፣ ደንብ አርቅቆ፣ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት ጋር ቆሞ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ በፕሬዚዳንትነት መርቶ። የአሰልጣኞቻችን ሁሉ አባት የምንለው ሰው ዕድሜውን የፈጀው በተቋም ግንባታ ነው። እኛ ከሱ የወረስነው የጭብጨባውን ክፍል ብቻ ነው።

ስለዚህ ደጋፊው ምን ይጠይቅ? ለመጠየቅ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያሻም። የታክቲክ ሰሌዳ ማንበብ የቻለ ሰው ገቢና ወጪ ማንበብ አያቅተውም። በየዓመቱ የውድድሩ ማብቂያ ላይ ክለቡ የተመረመረ ሒሳቡን ለደጋፊው ይግለጽ፦ ከከተማው ስንት፣ ከስፖንሰር ስንት፣ ከቴሌቪዥን ስንት፣ ከተጫዋች ሽያጭ ስንት ገባ፤ ለፊርማ ስንት፣ ለታዳጊ ስንት፣ ለተሰናበቱ አሰልጣኞች ካሳ ስንት ወጣ። የደጋፊ ማኅበር መታወቂያ ማሊያ ለመግዛትና ለመዘመር ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ለመስጠት ያገልግል። አሰልጣኝ ሲሾም ቦርዱ የሚጠብቅበትንና የሚሰጠውን በጀት አብሮ ያሳውቅ፤ ሲሰናበት የትኛው እንደተጓደለ እንድናውቅ። የከተማ ክለብ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከደጋፊም ያልፋል፤ ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፣ ኳስ የማትወደዋ የሰፈራችን ጉልት ቸርቻሪም ድርሻ አላት።

«ድሃ ነን፣ ሒሳብ ቢገለጥ ምን ይጨምራል?» ይባላል። ድህነታችንን አይቀንስም፤ ውሸታችንን ግን ይቀንሳል። 10ኛ የሚያስጨርስ በጀት ይዞ 10ኛ የጨረሰ አሰልጣኝ አልወደቀም። የሻምፒዮን በጀት ተሰጥቶት 10ኛ የጨረሰውን ግን ያኔ በማስረጃ እናሰናብተዋለን፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። አሰልጣኙን አትንኩት አላልሁም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ደብተሩ፣ ሁለተኛው ስለ እሱ ይሁን ነው ያልሁት። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ለኛ ለበረንዳ አሰልጣኞች ነው፤ ከበሮውን ማን እንደገዛው አለመጠየቅ ግን ከማደናገርም ይብሳል።

ባለፈው ሰኞ ታክሲ ነጂው እንደ ልማዱ ሲኒ ደረደረ። ዐሥር ሲኒ፣ አንድ የስኳር ዕቃ። «እንደዚህ ቢገባ ማንም አይነካውም» አለ። አንዷን ሲኒ አነሳሁ። «ይሄ ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፣ ልምምድ አቁሟል» አልሁት። ሌላዋን አነሳሁ። «ይሄ ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ንግግር የለም።» ሦስተኛዋን ሳነሳ «ይሄን እንኳ ተው!» አለኝ፤ አጥቂው ነበር። «እሱማ ተሸጧል» አልሁት፣ «ገንዘቡን አትጠይቀኝ፣ የቦርድ ጉዳይ ነው።» መምህሩ ሳቁ። ታክሲ ነጂው የቀሩትን ሲኒዎች አቅፎ እንደ አዲስ መደርደር ጀመረ፤ በሰባት ሰው እንዴት እንደሚከላከል ሊያሳየኝ።

ይሄኔ ቡና የምታፈላው ልጅ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሲኒዎቼ ይፈለጋሉ» አለችና አንድ በአንድ ሰብስባ፣ የስኳር ዕቃውንም ጨምራ ይዛ ሄደች። ማናችንም አልተከራከርናትም።